የውባንቺ ወገብ ልክ

ቆሞ የሚሄድን ሰው በሜትር የሚለካ ወይ ልብስ ሰፊ ነው ወይ ሣጥን ሠሪ፤ የውባንቺ እምነት ይኸው ነው። ስለዚህ ባሕር ማዶ በሲልቨር ስፕሪንጉ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወገባችሁን ተለክታችሁ የልባችሁን ጤና እወቁ» ተብሎ ሲነገር፣ ነገሩ ገና ከጅምሩ አልጣማትም። ልብና ወገብን ምን አገናኛቸው?

እሷ የገመተችው ሌላ ነው። ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። በዚያው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ሁለት ወፋፍራም የሥራ ባልደረቦቿ ያለ በቂ ምክንያት ተሰናብተዋል። ይሄም የወገቧ ቁጥር ዞሮ ዞሮ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ አልተጠራጠረችም። እንዳትቀር ደግሞ ባሏ ንጉሡ ራሱንም እሷንም አስመዝግቧል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ እሑድ ጠዋት እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቷ ውስጥ መቀነቷን እንደ አራስ ሆዷ ላይ ጠፍራ፣ ሰፊ ቀሚስ ደረበችበት። ቅዳሴውን መተንፈስ እያቃታት አስቀደሰች።

ለኪዋ ከካዛክስታን የመጣች ሐኪም ነበረች፤ በአገሯ የስንቱን ወገብ እየለካች፣ ልቡን ሊታመም የሚችለው ማን እንደሆነ ስታጠና የኖረች። የምታስተረጉምላት የደብሩ ልጅ ሶልያና ናት፤ ነርስ። ሐኪሟ ሜትሩን አዙራ አነበበችና ግር አላት። የውባንቺን ሆድ በጣቷ ነካ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

«እትዬ፣ የኛም አገር አሮጊቶች ይታጠቃሉ፤ ታጥቀው ከሆነ ይፍቱት ትላለች» አለች ሶልያና።

ውባንቺ ሁለቱንም በጎሪጥ አየቻቸው። ሊያወጣጡኝ ነው አለች በልቧ።

«እመቤቴን፣ ምንም አልታጠቅኩም።»

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በእመቤታችን የማለችን ሴት ቀሚስሽን ግለጪ አይባልም። ሶልያና ሰባ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብላ ጻፈች፤ ከቁመቷ እኩሌታ በታች፣ ለልብ የማያሰጋ፣ የሚያኮራ ቁጥር። የንጉሡ ቦርጭ ግን መቶ አራት ወጣና ሰኞ ክሊኒክ ሄዶ ኪኒን ታዘዘለት። ውባንቺ ስትስቅበት ሰነበተች። የሆቴሉ ስልክ በጠራ ቁጥር ግን ሶልያና ለአለቃዬ ነገረችብኝ እያለች ትደነግጥ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ፍራሽ ስታነሳ ደረቷ ታፈነ። ግራ ክንዷ ዛለ፤ ላብ አጠመቃት። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሶልያና ጋ ደወለች።

«ሶሊ፣ ደረቴን ያዘኝ። ያ ቁጥር የኔ አይደለም። መቀነት ታጥቄ ነበር።»

ሶልያና አልተቆጣችም። «እትዬ፣ ምንም እንዳይንቀሳቀሱ። በሌላ ስልክ 911 ኮል አድርጌ አምቡላንስ እየጠራሁልዎት ነው። የት ነው የሚሠሩት? የሆቴሉ ስም ማነው?»

 ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአለቃዬ አሳልፋ ሰጠችኝ ስትላት የከረመችው ልጅ የሆቴሉን ስም እንኳ አታውቅም። ውባንቺን ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ አቃጠላት። ስሙንና የክፍሉን ቁጥር ነገረቻት።

«እሺ፣ እየመጡ ነው። በሩ ክፍት ነው አይደል?»

አልነበረም። ወለሉ ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ ሱፐርቫይዘሯ እንዳታያት ብላ ከውስጥ ቀርቅራው ነበር። ስልኩን ምንጣፉ ላይ ትታ ወደ በሩ መዳህ ጀመረች።