ዳግም የተነከረው ነጠላ

ትርፌ አፏን ይዛ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ የቆጠሩትን በነገር ስታስጨንቅ ኖራለች። የሰፈሩ ጎረምሳ በበሯ ሲያልፍ፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ነው። ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባት አንድ ልጇን ሽመልስን ጨርቅ እየሸጠች አሳደገች፤ ሱቅ ከፈተችለት፣ ዳረችው። ያ ልጅ ባለፈው ኅዳር ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ሻሸመኔ መንገድ ላይ መኪና ተገለበጠበትና በዚያው ቀረ።

ሚስቱ ሮዳስ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ልጅቷ የተወለደችው ጥር ላይ፣ የለቅሶው ፍራሽ ገና ከወለል ሳይነሣ ነው። አባቷ በሕይወቱ ሳለ “ሴት ከሆነች ሃሴት ነው የምላት” ብሎ ነበርና ሃሴት ተባለች። እንዲህ ያለ ስም፣ እንዲህ ባለ ቤት! ሁለት ከል የለበሱ ሴቶች፣ አንዷ ስታጠባ አንዷ ስታዝል፣ በጋውንም ክረምቱንም አወጧት። ልጅቷ ጥቁር ጨርቅ በጡጫዋ ካልጨበጠች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ትርፌ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራ ነበር። “አባቷን ሳታየው አለቀሰችለት” ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሰው ሁሉ ዶሮ ሲበልት እሷ ጓሮ ወጥታ በአሮጌ ብረት ድስት ጥቁር ቀለም አፈላች። ነጠላዋ በፀሐይና በእጥበት ብዛት ግራጫ ሆኖባት ነበር። በእንጨት እያገላበጠች ስትነክረው ጎረቤቷ ፈትያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። ፈትያና ባሏ ሙክታር ከስልጤ መጥተው እዚሁ ሱቅ ይዘው ያረጁ ናቸው፤ ሽመልስን በልጅነቱ ከእናቱ እኩል አዝላዋለች።

“አንቺ ሴትዮ! ሰው ዶሮ ይቀቅላል፣ አንቺ ነጠላ ትቀቅያለሽ?”

“ቅመም ጎድሎት እንደሆነ ነይና ቅመሺልኝ።”

“ሐዘን ሲደበዝዝ ቀለም ይጨመራል እንዴ?”

“የደበዘዘው የገበያ ቀለም ነው፤ የእኔማ እንዳለ ነው። ነገ ሰው ሲመጣ ‘አመድ መስላ ቆየችን፣ ረሳችው’ እንድባል አልሻም።”

“እንዲህ ተገትረሽ ላየሽ የዓሣ ገበያውን አባ ኮዳ ነው የምትመስይው።”

“አባ ኮዳ እንኳ፣ ወፍ ሲሆን፣ ሳይጠሩት በሰው አጥር አንገቱን አያስገባም!”

ፈትያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። “ትርፌ፣ ነገ ጋሽ እስራኤል ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ታውቂያለሽ።”

“ዓመቱ አልሞላም” አለች ትርፌ፣ እንጨቷን ድስቱ ውስጥ እየወጋች።

ይህች ቃል ቁልፏ ነበረች። ሮዳስ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ሀዋሳ መጥታ ነው ሽመልስን ያገኘችው። እናቷ “ነይ፣ ልጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺም ሥራ ትገቢያለሽ” ካለቻት ሰንብቷል። ወንድሟ ሚኪያስም መጥቶ ሊወስዳት ዝግጁ ነው። ነገር ግን ከል የለበሰች ሴት የሟች ሚስት ናት፤ የሟች ሚስት ደግሞ ከሟች ቤት ተነሥታ አትሄድም። ያወለቀች ለት የእናቷ ልጅ ሆነች ማለት ነው። ትርፌ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሮዳስ ከሄደች ሃሴት ሄደች፤ ሃሴት ከሄደች ያ ቤት ምን ቀረው? አራት ግድግዳና አንዲት ምላሰኛ አሮጊት። ስለዚህ እስከ ኅዳር ትጠብቅ። ኅዳር ሲመጣ ደግሞ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሌላ ምክንያት አይጠፋም።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ትርፌ ቤት ቄጠማ አልተጎዘጎዘም፣ ዶሮም አልታረደም። አበባ የያዙ ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ሲዞሩ እሷ በር ደረሱና ትልቋ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ሁሉም ጸጥ ብለው አለፉ። ከል ያለበት ቤት ላይ አይጨፈርም። ሃሴት በአያቷ ጭን ላይ ሆና ከበሮው ወደ ጠፋበት አንገቷን አቅንታ ቆየች። ትርፌ አየቻት፤ እንዳላየች ሆነች።

ከረፋዱ ላይ ጋሽ እስራኤል ገቡ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሽመልስን በእጃቸው ያስቀበሩ ሰው። ፈትያ ሁለት ፌስታል አንጠልጥላ ተከተለቻቸው። ትርፌ ፌስታሎቹን ባየች ጊዜ ሁሉም ገባት።

“ለበዓል ሥጋ ይዘሽልኝ መስሎኝ። ጨርቅ ነው?”

“ጨርቅ ነው” አለች ፈትያ። “አንዱ የሮዳስ፣ አንዱ የአንቺ።”

“የእኔን ለሙክታር ስጪው፣ ሽርጥ ያድርገው።”

ጋሽ እስራኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ወይዘሮ ትርፌ፣ አዘኑ አላዘኑ ብሎ የሚጠይቅዎ የለም። አገር አይቷል። ግን ይህች ሕፃን በጥቁር እጅ ታቅፋ ዘመን አትለውጥም። ደግም አይደለ።”

“ዘመኑን ማን ለውጥልኝ አለ? እኔ ኅዳር ላይ ነው የቆምኩት።”

“እርስዎ ይቁሙ። ልጆቹን አብረው አያቁሟቸው።”

“ሮዳስን ጠይቋት! አፍ የላትም እንዴ? ዩኒቨርሲቲ ሙሉ አስተምረዋታል።”

ሮዳስ በር ሥር ቆማ ነበር፤ ከስታ ጥቁሩ ቀሚስ ሌላ ሰው የሰጣት ይመስላል። “እማማ ከፈቀዱ” አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

“የእኔ ፈቃድ ከሙት ዓመቱ ጋር ነው የሚመጣው።”

ይሄኔ ጋሽ እስራኤል ከተቀመጡበት ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሽማግሌ እንዲያ ቆሞ ሲለምን እንቢ የሚል ሰው የሚወደው የለም፤ ሲሞትም ቀባሪ አያገኝም። ትርፌ ቆማ አየቻቸው፤ በልቧ ረገመቻቸውም።

“ይቀመጡ! ይቀመጡ እንጂ፣ እዚህ ወድቀው ደግሞ ሌላ ለቅሶ ያምጡብኝ! ትልበስ። የእኔን ግን ማንም እንዳይነካው። ይህ ከል ከእኔው ጋር ነው የሚቀበረው።”

ሮዳስ ፌስታሉን ይዛ ጓዳ ገባች። ትርፌ በትናንቱ ነጠላ ተከናንባ ሃሴትን አቀፈች። ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ እንደ ልማዷ የነጠላውን ጫፍ ጨብጣ አፏ ከታ ታላምጣለች። ጥርስ እያወጣች ነበርና ለሃጯ ይወርዳል።

ሮዳስ ወጣች። ቀሚሱ ቢጫ ነበር፣ ልክ እንደ አደይ። ሻሿን ፈታ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች። ትርፌ በልቧ “ለካ ይህች ልጅ ገና ልጅ ናት” አለች። ፈትያ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የት እንዳለች ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

ሮዳስ እጇን ዘረጋች፣ ድምፅ ሳታወጣ። ሃሴት አየቻት። ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ዓለም ተወልዶ ያልሰማው ጩኸት። ሮዳስ አንድ እርምጃ ስትጠጋ ሕፃኗ ተወራጭታ ፊቷን አያቷ ነጠላ ውስጥ ቀበረች።

ትርፌን ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል! ከኅዳር ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

“አያችሁ? ልጅቷ ራሷ ፈረደች! ሽማግሌ አላስፈለጋት፣ ዳኛ አላስፈለጋት። እናቴ ይህች አይደለችም አለች!”

ሮዳስ እጇን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። ያን የበዓል ቀሚስ ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛ፣ “እሺ እማማ” አለች። “ጥቁሩን መልሼ እለብሰዋለሁ። ልጄ አታውቀኝም፤ ምን ይሠራልኛል?” ብላ ወደ ጓዳ ዞረች።

ትርፌ ያሸነፈች መሰላት። ሕፃኗን እሹሩሩ እያለች፣ “በቃ፣ በቃ የእኔ እናት፣ ትመጣልሻለች” አለችና እንባዋን ልታብስላት ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረችው።

አፏ ጥቁር ነበር።

ከንፈሯ፣ ድዷ፣ አገጯ ሁሉ ጠቁሯል። እንባና ለሃጭ ያራሰው ነጠላ ቀለሙን ለቆ በጉንጯ ላይ ወርዷል፤ ነጩ ቀሚስ ደረቱ ላይ ከሰል የነካው መስሏል። ትርፌ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጠረገቻት። አልለቀቀም፤ ይልቁንም ወደ ዓይኗ ሰፋ። እንደገና ጠረገች። ልጅቷ በዚያ በጠቆረ አፏ አያቷን እያየች ሳቀችላት።

ያን ሳቅ ትርፌ ልትችለው አልቻለችም። ሽመልስ ገና በዳዴ እያለ ከሰል ምድጃ ውስጥ እጁን ከቶ ፊቱን ሲቀባ እንዲሁ ስቆላት ነበር። ያን ጊዜ በጥፊ አቅምሳው፣ በሳሙና አጥባው፣ ስማዋለች። ያን ልጁ ራሱ ነው የቀባው። ይህንን ማን ቀባው?

“ሮዳስ!” ብላ ጮኸች። “ተይ! እንዳታወልቂ!”

ሮዳስ ደንግጣ ወጣች። ትርፌ ሃሴትን ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ መሐል አስቀመጠቻት። “ፈትያ፣ ያንን ፌስታልሽን ወዲህ በይ። አፍሽን ከፍተሽ አትዪኝ።”

ጓዳ ገብታ ጥቁሩን ሁሉ አወለቀች። ከፌስታሉ የወጣው ነጭ ነበር፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው። ቁልፉን ቆለፈች። “ሽመልስ፣ አልረሳሁህም” አለች፣ ለማንም በማይሰማ ድምፅ፤ ከዚያም ወጣች።

ሃሴት ቀና ብላ አየቻት፤ እናቷን አየቻት። በየትኛውም በኩል የምታውቀው ጥቁር የለም። እንደገና አለቀሰች፤ አሁን ግን የምትደበቅበት ስለሌላት ልቅሶዋ ቀጭን ነበር። የትርፌ ምላስ ላይ የልጅቷ ስም ደረሰ። “የእኔ እናት” ብትል እንደሚበቃ ታውቃለች፤ ልጅቷ ድምፅዋን ሰምታ እየዳኸች ትመጣላታለች። እቅፏ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ማን ያላቅቃታል?

ትርፌ አፏን ዘጋች። በዕድሜዋ ሙሉ ያልያዘችውን ምላሷን ጥርሷ ውስጥ ነክሳ ያዘችው።

“ጥሪያት” አለቻት ፈትያ ሮዳስን፣ በሹክሹክታ።

“ሃሴትዬ” አለች ሮዳስ። “ሃሴቴ… እኔ ነኝ እኮ።”

ሕፃኗ ልቅሶዋን ገታች። ቢጫውን አየች። ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ፈልጋ ወደ አያቷ ዞረች፤ አያቷ ግድግዳ ሆናባታለች። ሮዳስ ደጋግማ ጠራቻት። ልጅቷ መዳፏን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ሳበች፣ ቆም አለችና አሰበች። ከዚያ ወደ ቢጫው ሄደች። ሮዳስ አንሥታ ጡቷን ሰጠቻት፤ አዲሱ ቀሚስ ደረቱ ላይ ጠቆረ።

ጋሽ እስራኤል ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ “እግዜር ያጥናዎ” አሉ። ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

ትርፌ ሙቅ ውሃና የጨርቅ ቁራጭ አምጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ልጅቷ ጡት ላይ እንዳለች አገጯን ቀስ አድርጋ ጠረገችላት።

“ይለቃል?” አለች ሮዳስ።

“ለመስቀል ይለቃል። ወንድምሽን ከመስቀል በፊት እንዳይመጣ በይው። ፊቷን አይቶ አያቷ ከሰል ስታበላት ነው የከረመችው ይላል።”

ሮዳስ የሰማችውን ማመን አቅቷት ቀና አለች። “እማማ… ከእኛ ጋር ይምጡ እንጂ።”

“አርባ ምንጭ? አዞ ልጠብቅ? እኔ ባልም ልጅም የቀበርኩት እዚሁ ነው።”

ፈትያ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ሌላ ጥቁር ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ትርፌ እጇን ወደ ልጅቷ ጡጫ ላከች። ሃሴት እንቅልፍ ሊወስዳት ነው፣ የምትጨብጠውን ጨርቅ በእጇ ትፈልጋለች። የአያቷን ቀሚስ ጥለት አገኘችና ያዘችው፤ ጥቂት ቆይታ ለቀቀችው። የቢጫውን ጫፍ ያዘች።

ትርፌ ጨርቁን ውሃው ውስጥ ጨምቃ እንደገና መጥረግ ጀመረች።