የሴቷን እኔ ልናገር

ፋንታው ኮሪያኛ አያውቅም። ህንድኛም አያውቅም ነበር፤ ግን ደብረ ታቦር ከሚገኘው የሙላቴ ቪዲዮ ቤት የማይጠፋ ሰው ሁሉ የህንድ ፊልም የሚሰማው በፋንታው አፍ ነው። ማይኩን ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ለጀግናው ወፍራም፣ ለሽማግሌው የሻከረ፣ ለልጅቷ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ ከቻለ ያነበዋል። ካልቻለ የተናጋሪውን ፊት እያየ ይሞላዋል። ቅር ያለው ተመልካች ኖሮ አያውቅም።

ያን ክረምት ሙላቴ ከባሕር ዳር አንድ የኮሪያ ፊልም ይዞ መጣ። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ጠባብ ቤት ተከራይተው ሲዋደዱ፣ ሲጣሉ፣ ሲኮራረፉ የሚያሳይ ሳቅ በሳቅ የሆነ ፊልም ነው። ከሥሩ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የለችበትም።

«ታዲያ ምኑን ልተርጉመው?» አለ ፋንታው።

«አንተስ ገና ሙሽራ አይደለህ? የሚባባሉት ይጠፋሃል?»

ነገሩ እውነት ነው። ፋንታው እየሩስን ያገባት በዚያው ዓመት ለዳግማ ትንሣኤ ነበር። እየሩስ ከጅዳ ተመልሳ መናኸሪያው አጠገብ ጸጉር ቤት የከፈተች፣ ምላሷም እንደ እጇ የፈጠነ ሴት ናት።

በመጀመሪያው ቀን ኮሪያዊው ባል ከሥራ ገብቶ አልጋው ላይ ዘፍ ሲል ሚስቱ ትራስ ወረወረችበት። ፋንታው የሚናገረው ጠፋው። ሰው ይጠብቃል። ሳያስበው ቀጭኑ ድምፅ አመለጠው፦

«አንተ ሰውዬ! የደብረ ታቦርን ጭቃ በሙሉ አልጋዬ ላይ ልትከምረው ነው? እግርህን ታጠብ!»

እየሩስ በዋዜማው ለእሱ ያለችው ነው፣ ቃል በቃል። የደብረ ታቦር ጭቃ ኮሪያ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ውስጥ የሆነው ሁሉ ፊልሙ ውስጥ ገባ። ታዲያ ፋንታው ለራሱ ማድላቱ አልቀረም። በእሱ ትርጉም ኮሪያዊው ባል ረጋ ያለ አስተዋይ ነው፤ ሚስቱ ነጭናጫ ናት፣ ታንኮራፋለች፣ በመጨረሻም ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ቤት ውስጥ የተረታበትን ክርክር ሁሉ ኮሪያ ላይ ረታው። ፊልሙም በየቀኑ ሰው እየጨመረ ከረመ።

ወሬው ጸጉር ቤት እንዴት እንደደረሰ ፋንታው የሰማው በኋላ ነው። ብዙነሽ የምትባል ጎረቤታቸው ሹሩባ እየተሠራች ፊልሙን ለእየሩስ ትተርክላታለች።

«አማቷ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ወጡን ቀምሰው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹ልጄ፣ እጅሽን አረብ አገር ጥለሽው መጣሽ እንዴ?› ኮሪያም ከአረብ አገር የተመለሰ ሰው አለ ለካ!»

የእየሩስ ጣቶች ጸጉሩ ላይ ቆሙ። ይህን ያሏት የፋንታው እናት ወይዘሮ ወርቅዬ ነበሩ፤ ከእብናት ሊጠይቋቸው የመጡ ጊዜ።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ፊልሙ አማቷ የሚመጡበት ቦታ ደረሰ። ኮሪያዊቷ ወደ ማድ ቤት ገብታ ጀርባዋን ሰጠች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፋንታው ቀጭኑን ድምፅ አወጣ፦

«አጥፍቻለሁ። እናቱን ማስቀየም አልነበረብኝም። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው።»

«ውሸት ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ አግዳሚ።

ፋንታው ማይኩን እንደያዘ ዞረ። እየሩስ ነጠላዋ በዝናብ እንደራሰ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«የሴቷን እኔ ልናገር» አለች።

«ትናገር! ትናገር!» አለ ሰው። ሙላቴም ጊዜ ሳያጠፋ ፊልሙን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰው። የኮሪያዊቷ ትከሻ እንደገና ተንቀጠቀጠ። እየሩስ ማይኩን ከፋንታው ወሰደች፤ ድምጿን ግን አላቀጠነችም።

«የማለቅሰው ለወጡ አይደለም። ወጡ ቀጥኖ ነበር፣ አውቃለሁ። እናትህ ሲናገሩኝ አንተ ምን አልክ?»

ማይኩን አቀበለችው።

«ምንም» አለ ፋንታው በወፍራሙ ድምፅ።

«ጣራ ጣራ አየህ።»

«ጣራው ያፈስ ነበር።»

ቤቱ አውካካ። «አታምልጥ! መልስላት!» ብላ ብዙነሽ ከመሐል ጮኸች። ኮሪያዊው ባል በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ነገር መናገር ጀመረ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ፋንታው ግን ዝም።

«እያወራ ነው እኮ! ተርጉም እንጂ!» አሉት።

ፋንታው ማይኩን አስጠጋ። የወጣው የራሱ ድምፅ ነበር።

«ፈራሁ። እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ አንድ ቀን መልሼላት አላውቅም። ላንቺም ልልሽ የሚገባኝ ነገር መንገድ ላይ ይመጣልኛል፣ ቤት ስገባ ይጠፋኛል። አፌ የሚፈታው እዚህ ብቻ ነው። እዚህም ደግሞ ዋሸሁብሽ።»

ሳቁ ቆመ። ኮሪያዊቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ፈገግ አለች።

«እሺ» አለች እየሩስ ማይኩን ተቀብላ። ለኮሪያዊቷ ይሁን ለራሷ፣ ያወቀ የለም።

ባልና ሚስቱ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ሙላቴ እንደ ልማዱ ጋቢውን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ።

«ገለል በል! የተጋቡ ናቸው እኮ!» ብሎ ሰው ጮኸበት።

ወደ ቤታቸው በአንድ ጃንጥላ ሄዱ።

«ታንኮራፋለች ያልከው እኔን ነው?» አለችው።

«ኮሪያዊቷን ነው።»

«እሷ ስታንኮራፋ አላየሁም።»

ፋንታው ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበለ።

መስከረም ሲጠባ ወይዘሮ ወርቅዬ ከእብናት እንደገና መጡ። እየሩስ ምሳ አቀረበች። አንድ ጉርሻ ቀመሱና «ጨው የሚባል ነገር ጅዳ የለም እንዴ?» አሉ።

ፋንታው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«እምዬ፣ ለእኔ ይጣፍጠኛል። የጎደለውን ለእኔ ንገሪኝ፤ እሷን ግን አትናገሪብኝ።»

እናቱ የጎረሱትን እያላመጡ ቀና ብለው አዩት። እየሩስ እንደ ቆመች ቀረች።

«አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ ጉርሻውን ውጠው፣ «እናቱ በነገር ሲጠብሱኝ አንድ ቀን እንዲህ ብሎልኝ አያውቅም።» ወደ እየሩስ ዞር አሉና አጠገባቸው ያለውን በርጩማ መታ መታ አደረጉ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። አንተ ሂድና ጨውን አምጣ።»

ፋንታው ጨውን አመጣ። ወይዘሮ ወርቅዬ ጨመሩ፤ ቀመሱና ደግመው ጨመሩ። እየሩስም ቀምሳ ምንም ሳትል ጨመረች። ወጡ እውነትም ጨው አልነበረውም።