ቧንቧው ያለው ከጓሮ ነው

እናቴ ተወልዳ ባደገችበት ቤት ለመግባት ቲኬት ስትቆርጥ ፊቷን ብታዩት፣ ለቲኬት ሻጯ ታዝኑላት ነበር።

ታናሽ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ የአባታቸውን ግቢ ለሥዕል ሙዚየም ከሰጠ ወዲህ ተኳርፈዋል። እሷን ያንገበገባት መስጠቱ አይደለም፤ ሳያማክራት መፈረሙ ነው። እሱም የገዛ ቤቱ አስጎብኚ ሆኖ ተቀጥሮ እዚያው ቀረ። ሁለቱም መታረቅ ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ የሚናገር ግን ጠፋ። በመሃል መመላለስ ቢሰለቸኝ ነው ዛሬ አትክልቱን ብቻ አይተን እንመለሳለን ብዬ ያመጣኋት።

በር ላይ የተቀበለን ራሱ ነው፤ ከረባት አስሮ፣ ባጅ ለጥፎ። እህቱን ሲያይ ክው አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ለጎብኚው ሁሉ ማስረዳት ጀመረ።

ሳሎን ውስጥ፣ የአያቴ ምስል ሥር ቆሞ፣ የቤቱ ጌታ ማታ ማታ ግጥም ያነቡ እንደነበር ተናገረ። እናቴ ለእኔ ሹክ ብላ፣ ግን አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣ አባቷ ያነበበው ነገር ቢኖር የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ነው አለች። አጎቴ ሳቁን በግድ ዋጠ፤ ክብርት ጎብኚዋ ጥያቄ ካላቸው መጨረሻ ላይ እንዲያነሱም አሳሰበ። የድሮው ዕቃ ቤት “የዝምታ ክፍል” ተብሎ አንድ ነጭ ሸራ ብቻ ተሰቅሎበታል። እናቴ ትክ ብላ አየችውና ሠዓሊው ምሳ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አትክልቱ ጋ ስንደርስ ጽጌረዳው ጠውልጓል። አትክልተኛው ታሞ ሰንብቷል፤ የውሃው ጎማ ሳሩ ላይ ተጋድሟል።

አጎቴ ለጎብኚ የማይነግረው አንድ ታሪክ አለ። ሴት አያቴ ልጆቿ ሲጣሉ አትቆጣም ነበር፤ አትክልት እንዲያጠጡ ታዛቸው ነበር። ጽጌረዳው ከቤቱ ፊት፣ ቧንቧው ከጓሮ ነው። አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ቧንቧው ጋ ይቆማል፤ ጎማ የያዘው ካልተጣራ ቧንቧው አይከፈትም።

እናቴ ቦርሳዋን አስያዘችኝና “ለጎብኚ ክልክል ነው” ከሚለው ገመድ ሥር ሾልካ ወደ ጓሮ ሄደች። ዘበኛው ሊከተላት ሲል አጎቴ በእጁ ከለከለው። ከዚያ ጎማውን አነሳ።

ቆመ። ጎማው ደረቅ ነው። ጎብኚው ሁሉ ያየዋል። እኔው ልጣራለት ፈልጌ አፌን ያዝኩ።

“እትዬ” አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። “ክፈቺው።”

“አልሰማሁም” አለች ከጓሮ። መስማቷን ጽጌረዳው ሳይቀር ያውቃል።

“እትዬ፣ ሳልነግርሽ መፈረም አልነበረብኝም። አሁን ክፈቺው።”

ጎማው አጓራ፣ ተንፈራገጠ፣ መጀመሪያ ያጠጣውም ከረባቱን ነው። ጎብኚዎቹ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ።

“ይበቃል?” አለች።

አጎቴ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

“ገና ነው፣ እትዬ። ብዙ ይቀረዋል።”