ዘጠኝ እጆች ወደ ላይ

እኔ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ መጥቶ ይንገረኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። "እኔ ብሆን ኖሮ" ብሎ የሚጀምር ግን አይምጣብኝ። እሱን የምሰማበት ጆሮ የለኝም።

የምሠራው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ የመተኮሻው ክፍል ኃላፊ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ትንሽ መኝታ ቤት የሚያህል ማሽን አለ። ሁለት የጋሉ ሮለሮች ተጋጥመው ይዞራሉ፤ እርጥቡ አንሶላ በፊት በኩል በእጅ ይገባል፣ በኋላ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ከፊትም ከኋላም የሚሠሩት በአጠቃላይ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። አንዷ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ ናት። ሥራውን ያስገባኋት እኔ ነኝ። የአራት ወር ሕፃን ለጎረቤት ሰጥታ ነው የምትመጣው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ የሃያ ደቂቃ የደህንነት ሥልጠና አለን። የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰኞ አላጎደልኩም፤ ትኩሳት ይዞኝ እንኳን ተጠቅልዬ መጥቻለሁ። ስሜ ቀርቶ "ቲቸር" ነው የሚሉኝ። ማሽኑ ሳይነሳ ሁሉም በየቦታቸው ይቆማሉ። እኔ ከቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ አጠገብ እቆምና "እጅ ተያዘ!" እላለሁ። ዘጠኙም በአንድ ድምፅ "ማሽን ይቁም!" ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ወደ ላይ የተነሳ እጅ ሮለር ውስጥ አይገባም። ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ወደ ቁልፉ ሲሮጡ ተጋጭተው አንዷ የፊት ጥርሷን አጥታ ነበርና መሮጥ የከለከልኩት ያኔ ነው። እጆቹን እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ ሲሞሉ ቁልፉን እጫናለሁ። ከዚያ ሁሉም ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ተቆጣጣሪዎች አይተውን አጨብጭበውልን ሄደዋል።

ከሥልጠናው የምትቀረው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው፣ መርፌ እንላታለን። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ትጠግናለች። የቅዳሜና የእሑዱ ቅዳጅ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ነው የሚወርድባት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሳይረፍድ ይፈልገዋል። "ነይ እንጂ ሥልጠና" ስላት ቀና ሳትል "ቀዳዳውን ማን ይደፍንልኛል?" ትለኛለች። ነገረኛ ናት ብዬ ይዤባት ነበር። አራት ሰኞ በተከታታይ የቀረ ሰው ይሰናበታል፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አራት ሞላባት። ረቡዕ ዕለት የስንብት ደብዳቤዋን ጻፍኩና በሽርጤ ኪስ ከትቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ከመተኮሻው ክፍል ጫፍ ላይ ነው። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከኋላዬ "ማሽን ይቁም!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን አንስተዋል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በሆዴ "ዛሬ ረቡዕ፣ ያለ እኔ ማን ነው ሥልጠና የሚሰጠው?" አልኩ። ከዚያ እጆቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። አንድም ስላልጎደለ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ እህቴን አየኋት። ያነሳችው ግራ እጇን ነው። ቀኟን ፈለግሁት። አንሶላው ተጠምጥሞበት ወደ ሮለሩ እየጎተታት ነበር። ዘጠኙም ዓይናቸውን የተከሉት ከቁልፉ አጠገብ፣ እኔ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ ላይ ነው። ቦታው ባዶ ነው።

እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ደንግጬ ይሁን መሮጥ ክልክል ሆኖብኝ፣ አላውቅም።

መርፌ ክር በጥርሷ እንደያዘች ከክፍሏ ወጣች። ፈጠን ፈጠን ብላ በመሃላቸው አለፈችና ቀዩን ቁልፍ በመዳፏ ደለቀችው። ማሽኑ ቆመ። ክሩን ከአፏ አወጣችና "ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?" አለች።

ሐኪሙ የእህቴ ሁለት ጣቶች በደንብ ተቃጥለዋል፣ ግን ይድናሉ አለ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እጇ እንዳለ ይሄድ እንደነበር ደግሞ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ያቺን ሕፃን በምን ታቅፋት ነበር እያልኩ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ስገባ እህቴ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች።

"እዚያ ሁሉ ሴት መሃል አንዷ እንኳን ቁልፉን እንዴት አትነካውም?" አልኳት።

"እትዬ፣ እንዳስተማርሽን ነው እኮ ያደረግነው" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "ተሳሳትኩ እንዴ?" አለች።

አንሶላውን ጎተት አድርጌ እግሯን አለበስኳት።

በማግስቱ መርፌን "አንቺን ማን አስተማረሽ?" አልኳት። እንዳበደ ሰው አየችኝ። "ተጽፎበታል እኮ። 'ማቆሚያ' ይላል" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

የአደጋ ሪፖርቱን ስሞላ ደግሞ ይባስ ዞረብኝ። ሠራተኞቹ በሥልጠናው መሠረት ፈጽመዋል ወይ ይላል። አዎ። አሠልጣኟ ሥልጠናውን በወቅቱ ሰጥታለች ወይ። አዎ። ማሽኑን ያቆመችው ሠራተኛ ለመጨረሻ ጊዜ የሠለጠነችበት ቀን። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ በትከሻዬ አሻግሮ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

"እጇ ይባረክ" አለኝ። "ግን አራት ሰኞ ቀርታለች። ደብዳቤዋ ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።"

"የእህቴን እጅ ያተረፈች ሴት ናት እኮ።"

"አውቃለሁ። ደንቡን ግን አንቺ ነሽ ያወጣሽው፤ እኔ ምን ላድርግ?"

ሦስት ቀን ደብዳቤውን ይዤ ዞርኩ። ብሰጠው ነውር፣ ብተወው ሌሎቹን በየትኛው አፌ ነው ሰኞ ሰኞ የማስፈርማቸው?

ሰኞ ጠዋት እህቴ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣች። "አንቺ ፈቃድ ላይ አይደለሽም እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት።

"አራት ሰኞ እንዳይሞላብኝ ብዬ ነው" አለችኝ።

እሷን ከሮለሮቹ አርቄ ከቁልፉ አጠገብ አቆምኳት። ሌሎቹንም ሁለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አስኬድኩና ማሽኑን አስነሳሁት። እኔ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። "እጅ ተያዘ!" አልኩ።

"ማሽን ይቁም!" ዘጠኝ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ማሽኑ ይዞራል። ሁሉም ያንን ባዶ ቦታ ያያሉ። እህቴ ቁልፉ ክንዷ ሥር ሆኖ በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ወደ ላይ አንስታ ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ እየቆጠርኩ ነበር። ሰባት ላይ ስደርስ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የታወቀኝ።

ወደ መርፌ ክፍል ገባሁ። "ነይ አስተምሪን" አልኳት።

"ቀዳዳውን ማን ይደፍንልኛል?"

"እኔ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። መርፌውን አንሶላው ላይ ሰክታ ተነሳች። ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት። ንግግር አላደረገችም። አንድ በአንድ እየጠራች "ተጫኚው" ትላቸዋለች፤ ሲቆም መልሳ ታስነሳዋለች። የመጀመሪያዋ በጣቷ ብትነካው እምቢ አላት። "እንዲህ ይጠነክራል እንዴ?" አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማናቸውም ነክተውት አያውቁም። እህቴ በግራ መዳፏ መታችው፤ ማሽኑ ሲቆም ሳቋ መጣ።

ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁና ጀርባውን ገልብጬ ከላይ "አሠልጣኝ" ብዬ የመርፌን የመዝገብ ስም ጻፍኩበት። ዘጠኙ ከሥሩ ፈረሙ፤ አሥረኛ እኔ ፈረምኩ። ወስጄ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የፈለገውን ገጽ ያንብብ።

ቃሌ ቃል ነውና ተመልሼ የመርፌ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተሰካውን መርፌ ነቅዬ አንድ ሁለት ጊዜ እንደሰፋሁ ጣቴን ወጋኝ። ደም ጠብ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። እጄን ወደ ላይ አንስቼ አንድ ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት።