ሕጉ ሰማይ አይልም

ሚስ ዊትኮም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣች ዕለት በእጇ የያዘችው የመለኪያ ሜትር ነበር። አምስት ፎቅ ወጥታ ስለደከማት ትንፋሿ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆመች። እናቴ ደግሞ የሕንጻው ባለቤት የላካት መስሏት፣ እዚያው ፊቷ ተገትራ «ሰው የለም» አለቻት።

የምንኖረው ኒውዮርክ፣ ኤልሳቤጥ ጎዳና ላይ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። የፊተኛው ወጥ ቤታችንም፣ ለሴቶች ባርኔጣ የጨርቅ አበባ የምንሠራበትም ነው። የኋለኛው መኝታ ሲሆን አራቱም ጎኑ ግድግዳ ነው፤ በጠራራ ቀን እንኳ የገዛ እጅ አይታይበትም። ታናሽ እኅቴ አሱንታ የምትተኛው እዚያ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሳንባዋን ታማለች። የነጻ ሕክምናው ሐኪም አንድ ጊዜ አያትና «መድኃኒቷ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ነው» ብሎ ሄደ። የት እንደሚሸጥ አልነገረንም።

ሚስ ዊትኮም እንዲህ ያሉትን ጨለማ ክፍሎች በሕግ ለማጥፋት ከተነሡት ሰዎች አንዷ ነበረች። ክፍሉን ለካች፣ ጻፈች፣ ከዚያ አሱንታን ከነአልጋዋ ፎቶግራፍ ላስነሣት አለች።

«የታመመች ልጄን? ለሰው ዓይን?» አለች እናቴ በራሳችን ቋንቋ፣ በጣልያንኛ። «አይሆንም በያት፣ ፊሎሜና።»

እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ ሚስ ዊትኮም ዞሬ «እሺ ብላለች» አልኩ። ወደ እናቴ ዞሬ ደግሞ «መስኮት ያወጡልናል፤ መንግሥት ባለቤቱን ያስገድደዋል» አልኩ።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች እናቴ። ግን ከበሩ ዘወር አለች።

ሚስ ዊትኮም ያስጠራችው ፎቶግራፍ አንሺ ለብርሃን ያቀጣጠለው ባሩድ ቦግ ሲል ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። «ፀሐይ መጣች!» አለች አሱንታ፤ መልሶ ሲጨልም ደግሞ «ሄደች» ብላ ሣቀች። ሣቋ ሳል ሆነባት።

ያ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ታየ፣ እስከ ኦልባኒ፣ እስከ ሕግ አውጪዎቹ ድረስ ሄደ። በጸደይ ሕጉ ጸደቀ፦ ማንኛውም መኝታ ክፍል መስኮት ይኑረው። ሚስ ዊትኮም አምስቱን ፎቅ ወጥታ አቀፈችኝና አለቀሰች። እኔም እንደ ሞኝ አብሬያት አለቀስኩ።

«ሰማይ አያለሁ?» አለች አሱንታ ከውስጥ።

«ታያለሽ» አልኳት። በድንግል ማርያም ስም ማልኩላት።

በጋውን ሙሉ የአልጋዋን ራስጌ ወዴት እንደምናዞረው ስትነዘንዘን ከረመች። አናጺው ዶን ኑንሲዮ የመጣው በጥቅምት ነው። መጋዙን በመኝታውና በወጥ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ላይ ሲያሳርፍ እየቀለደ መሰለኝ።

«ዶን ኑንሲዮ፣ ተሳስተዋል፤ በወዲያኛው በኩል ነው።»

«በወዲያኛው በኩል የጎረቤት መኝታ ነው። ከሰው ባል ጋር ላስተኛሽ?»

«ሕጉ እኮ መስኮት ይላል!»

«እኔስ ምን እየሠራሁ ነው፣ ጉድጓድ? ወደ ሌላ ክፍል ቢከፈትም ይበቃል ተብሏል። ሕጉ መስኮት ይላል እንጂ ሰማይ አይልም፣ የኔ ልጅ። ባለቤቱ በጠበቃ አስነብቦታል። አንቺስ ማንን አስነበብሽ?»

የወጥ ቤታችን መስኮት ራሱ የሚከፈተው ጎረቤት ሁሉ ቆሻሻ ወደሚደፋበት ጠባብ ክፍተት ነው፤ ሽታው ሲያፍነን ጊዜ ከቸነከርነው ሁለት ዓመት አልፎታል።

ያንኑ ቀን ሚስ ዊትኮም ቢሮ ሄድኩ።

«መደራደር ነበረብን» አለችኝ። «ወደ ውጭ የሚለውን ቃል ባናለሰልሰው ሕጉ አያልፍም ነበር። ጅምር ነው፣ ፊሎሜና።»

«ያውቁ ነበር?»

ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ደረደረች።

«ያኔ ሲያቅፉኝ፣ ያውቁ ነበር?»

ጓንቷን አስተካከለች። እኔ ደረጃውን ስወርድ ከንዴት ይልቅ ያስጨነቀኝ ለአሱንታ የምነግራት መጥፋቱ ነበር።

መንገርም አላስፈለገኝም። ስመለስ በአዲሱ መስኮት እናቴን እያየች ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ ምድጃውን ስትቆሰቁስ ቂጧ መስኮቱን ሞልቶታል።

«ፊሎ፣ የማልሽልኝን ሰማይ አየሁት» አለች አሱንታ። «እንዴት ሰፊ ነው እባክሽ!»

እናቴ ማንኪያዋን ወረወረችባት። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሣቅን። አሱንታ የገና በዓል ሳይደርስ ሞተች።

በሚቀጥለው ጸደይ ሚስ ዊትኮም ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር ተመልሳ መጣች። አለመስማቷን ከፊቷ አወቅሁ። ስነግራት አለቀሰች፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ አልዋሽባትም። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ግን ክፍሉን ማንሣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚህኛው ጊዜ ለእናቴ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

«ታንሣ» አለች እናቴ። «አሁን ማንን ልደብቅ?»

ሰውየው ባሩዱን ወጥ ቤት ውስጥ አቀጣጠለው፤ ብርሃኑ በመስኮቱ አልፎ በደንብ የተነጠፈው አልጋ ላይ አረፈ። እውነት የፀሐይ ብርሃን ይመስል ነበር።

ሁለቱን ፎቶግራፎች ለሕዝብ በሚታዩበት አዳራሽ ጎን ለጎን ሰቅለው፣ ከግርጌያቸው «ከሕጉ በፊት»፣ «ከሕጉ በኋላ» ብለው ጻፉ። ሚስ ዊትኮም ለጎብኚዎች የቤቱን ኑሮ እንዳስረዳ ጠራችኝ። ሄድኩ። የሄድኩት አሱንታን ለማየት ነው፤ ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራትም።

ባርኔጣዋ በጨርቅ አበባ የተጥለቀለቀ አንዲት እመቤት ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። «አልጋው ባዶ ነው! ልጅቷ ዳነች ማለት ነዋ?»

ሚስ ዊትኮም አፏን ከፍታ ወደ እኔ ዞረች። የማስተርጎም ልማድ ይሁን ክፋት፣ እኔ መለስኩ።

«ወጥታለች።»

«ወዴት?»

«ኩዊንስ። ሜዳ ነው። ዛፍ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ከላይ ሰማይ ነው።»

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች እመቤቲቱ፤ እጄንም ጨበጠችኝ።

ኩዊንስ ያለው የእኛ ሰዎች መቃብር መሆኑን ሚስ ዊትኮም ታውቃለች፤ ለመቃብሯ ዘግይታም ቢሆን አበባ ልካለች። እንድታርመኝ ጠበቅኳት። ፊቷ ቀላ፣ ወደ ፎቶግራፎቹ ዞረች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ መጡና ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሚስ ዊትኮም ቀደመችኝ።

«ልጅቷ አሁን ኩዊንስ ናት» አለቻቸው። «እዚያ አየሩ ንጹሕ ነው።»