የኤንድሬ ጣቶች

ኤንድሬ ዕድሜውን የጨረሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ሲመራመር ነው። አየሩ በተመጠጠ የብረት ጋን ውስጥ ጋዝ ይለቀቃል፣ ሌዘር ይመታዋል፣ ያ ብርሃን ይወለዳል፤ ግን ሲበዛ ደካማ ነው። በሃንጋሪዋ ሴጌድ ከተማ አብረውት የሚሠሩት ሊቃውንት ሁሉ ሌዘሩን እናጠንክር ሲሉ እሱ፣ «በዱላ ብዛት ምን ይገኛል? ጋዙን ረዘም አድርጋችሁ አስተኙት፤ የሌዘሩንም ጨረር ላላ አድርጉት» እያለ ሲሟገት ሸበተ። አሁን ደግሞ የያዘው ካንሰር ሐኪሞቹን ተስፋ አስቆርጧቸዋል። የቀረው ምኞት አንድ ነበር፤ ያ ብርሃን አሥር እጥፍ ደምቆ በመለኪያው ስክሪን ላይ ማየት።

በመጨረሻ በእሱ ዘዴ ሞከሩት፤ ብርሃኑ ግን በደመቀ ማግስት ይፈዛል። ጋኑ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለው፣ ብርሃኑን የሚመልሰው መስታወት ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። የድሮ ተማሪው፣ የዛሬዋ የክፍሉ ኃላፊ ቪራግ፣ በጋኑ ውስጥ የቀረውን ጋዝ የሚለየውን መሣሪያ አየችና ክው አለች። የሰው ቆዳ ቅባት ነው። በባዶ እጅ አንዴ የተነካ ነገር ይበቃል፤ ብርሃኑ ራሱ ቅባቱን አክስሎ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። ኤንድሬ ጋኑ ውስጥ ሲሠራ ጓንቱን ሲያወልቅ ደግሞ በዓይኗ አይታዋለች።

«ጋሽ ኤንድሬ፣ አየር መምጠጫው ፓምፕ ዘይት ሳይተፋ አልቀረም» አለችው።

ስክሪኑን አየት አደረገና ሳቀባት። «የፓምፕ ዘይት እንዲህ ነው እንዴ? ማነው ያስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው አስተማሪሽን አታሰድቢ።» ከዚያ ጣቶቹን ተመለከተ። «መድኃኒቱ አደነዘዛቸው፣ ቪሪ። በጓንት ብሎን መያዜን እንኳ አላውቅም። አንዴ ብቻ ብዬ አወለቅኩት፤ አንዴው በዛ።»

«ግድ የለም፣ እኛ እንሠራለን። እርስዎ ቁጭ ብለው ይዘዙን።»

«እኔ? ቁጭ ብዬ? እጄን ሳልከት እንደማልውል እያወቅሽ! ስሚኝ፤ ጋኑን እጠቡ፣ መስታወቱን ቀይሩ። እኔን ግን እንዳታስገቢኝ። ብለምንሽም።»

«ኧረ ምን ነካዎት?»

«ቃል ግቢልኝ።»

ገባችለት። ምን ታድርግ።

የልኬታው ቀን ሲደርስ ኤንድሬ መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ቪሪ፣ ምንም አልነካም። በሩ ላይ ቆሜ ብቻ ልይ።» እንደ አባቷ ትወደው ነበር፤ እጀታውን ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ከባልደረቦቿ አንዱ፣ «አንቺስ አንጀትም የለሽ» አላት። ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ አለቀሰች እንጂ አልከፈተችም። ማንኳኳቱም ቆመ።

ብርሃኑ ወጣ፣ አሥር እጥፍን አለፈ፣ ሳይፈዝ ቆየ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ቪራግ እየሮጠች ወጣች።

ኤንድሬ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጩን ጋዎን ለብሶ፣ በሁለቱም እጆቹ ጓንት አጥልቆ፣ እስከ አንጓው ድረስ አጥብቆ ስቦታል።

«ደረሰ?»

«አሥራ ሁለት እጥፍ፣ ጋሼ! ልክ እርስዎ እንዳሉት!» እቅፍ አደረገችው። «ይነሱ፣ ይግቡና ይዩት!»

ፊቱ በራ። ለመነሳት ወንበሩን ተደገፈና ጓንት ያጠለቁትን እጆቹን አያቸው፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

«ተይው» አላት። «የደመቀው እኔ ስላልገባሁ ነው።»

አይደለም ልትለው አሰበች። ከዚያ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጣ ጓንት ያጠለቀውን እጁን ያዘች።