ስለ ሊቀ ጠበብት ገብረየስና ስለ ፈረሰው ቅጥር

የጥበብ ጥንቷ መለየት ነው፤ ብርሃንን ከጽልመት፣ ስንዴን ከእንክርዳድ ያልለየ ጠቢብ ሊባል አይገባውም። ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ መልካቸውና ክብደታቸው አንድ ሆኖ፣ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ እየተያዩ የማይደራረቡትን መንትያ ፍጥረታት መለየት ከሁሉ ይልቅ ጭንቅና ረቂቅ ነው።

በመዲናችን፣ በአንድ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም፣ ሊቀ ጠበብት ገብረየስ የተባሉ፣ በሽበት ያጌጡና በምሁራን ዘንድ የተከበሩ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ምኞታቸው ለሚጥል በሽታ የሚሆን መድኃኒት ማውጣት ነበር። መድኃኒቱ የሚገኘው አልኪን ከተባለው፣ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር ከተያያዙበት ውሁድ ሲሆን፣ ድርቡ ተከፍቶ አዲስ አካል በተቀበለ ጊዜ ግን ቀኝና ግራ የሆኑ ሞለኪውሎች እኩል ይወለዳሉ፤ ቀኙ ይፈውሳል፣ ግራው ይመርዛል። ቀኙ ብቻ ይወለድ ዘንድ፣ ራሱ ሳያልቅ ለውጡን በሚያፋጥነው ካታሊስት መካከል ያለው ብረት በግዙፋንና በጥቅጥቅ አካላት እንደ ቅጥር ሊታጠር ይገባዋል ብለው አስተማሩ፤ ስማቸውም የገነነው በዚሁ ትምህርት ነበር። ሆኖም ግራው አልጠፋም። ደቀ መዝሙራቸው ዶክተር ትርሲት ብዙ ከደከመች በኋላ፣ ሳታማክራቸው ቅጥሩን አቀለለችው፤ ግራውም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ደስታዋ ግን ከፍርሃት ጋር ተቀላቀለ፤ መምህሯ በዚያው ሳምንት በምሁራን ጉባኤ ፊት ስለ ግዙፉ ቅጥር ሊናገሩ ተዘጋጅተው ነበርና።

«የኔታ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ።»

«ቅጥሩን አፈረስኩት። ትልልቆቹን አካላት አንሥቼ በትንንሽ ተካኋቸው፤ የሚወጣውም ቀኙ ነው።»

አረጋዊው ፊታቸው ጠቆረ። «ዕቃው ቆሽሾ እንዳይሆን» አሉና ነጩን ካፖርት ራሳቸው ለብሰው፣ መዝነው፣ ቀምመው፣ የወጣውን አጥርተው፣ የብርሃንን መዞር ወደሚለካው መሣሪያ ዓይናቸውን አስጠግተው ተመለከቱ። ቀኙና ግራው ብርሃንን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ ብርሃኑም እርሷ እንዳለችው ወደ ቀኙ ወገን ዞረ። ሊቀ ጠበብቱ ዳግመኛ አዩ፤ ሦስተኛም አዩ፤ ከዚያም ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ።

«ለካ ዕድሜዬን ሙሉ በሩን እያጠበብኩ፣ እንግዳውን አልኪን በቀኝ እንዳይገባ ደጅ አቁሜው ኖሬአለሁ! በይ እንግዲህ፣ በጉባኤው የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? በእርስዎ ወንበር?»

«እኔማ ከፊት ተቀምጬ እጠይቅሻለሁ። ደግሞ አልምርሽም!»

እንዳሉትም አልማሯትም፤ ጥያቄያቸው እንደ ወስፌ የሚወጋ ነበር። እርሷም በትሕትና ግን ያለ ፍርሃት መለሰች፤ ለአንዱ ጥያቄ ብቻ «ይህን ገና አላወቅሁም» አለች። በፍጻሜው አስቀድመው ተነሥተው ያጨበጨቡት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያች ዕለት ወዲህ፣ ያ ያልተመለሰው ጥያቄ የሁለቱ የጋራ ሥራ ሆነ፤ አረጋዊውም ጧት ጧት እንደ ጎልማሳ እየተቻኮሉ ይመጡ ጀመር፤ ፊታቸውም ከቀድሞ ይልቅ የበራ ሆነ። በደቀ መዝሙሩ ተረትቶ ደስ የሚለው መምህር፣ እርሱ በእውነት አስተምሯል።